ከጦርነቱ በፊት የነበረ ቢስክሌት

ፈረንሳይ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ አሮጌ ቢስክሌት የለም። ይህን የሚጠራጠር ሰው በአንድ የበጋ እሑድ ማለዳ ተነስቶ ሰፈርተኛው ጣሪያ ሥር የከረመ ዕቃውን አውጥቶ የሚሸጥበትን ገበያ ይዙር። ቪድ ግረኒዬ ይሉታል። ክዳኑ ከጠፋ ማንቆርቆሪያና አንድ እግር ከሌለው አሻንጉሊት አጠገብ፣ ዝገት የጀመረው ቢስክሌት አጥር ተደግፎ ቆሟል። "ስንት ነው?" ብሎ የጠየቀ ከዋጋው በፊት ታሪኩን ይሰማል፦ የአያቴ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት የተገዛ ነው፤ እንዲያውም አያቴ ቱር ደ ፍራንስን ሳይወዳደርበት አልቀረም።

የመጀመሪያው ቱር ደ ፍራንስ በ1903 ሲካሄድ (እዚህ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ለውድድር የተነሡት 60 ሰዎች ነበሩ። ጨርሰው የገቡት 21 ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ግን በየገበያው ሞልተዋል።

ሻጩ ይዋሻል ማለት አይደለም። ዕቃ በቤተሰብ እጅ ሲቆይ ወደ ኋላ ያረጃል። አባት በ1974 የገዛው ለልጅ የአያት ይሆናል፤ አያት የገዛው ደግሞ ከጦርነት በፊት ይሆናል። ከዚያም አልፎ ናፖሊዮን ዘንድ ያልደረሰው ቢስክሌት የሚባለው ነገር ራሱ ያን ያህል ዕድሜ ስለሌለው ብቻ ነው።

ገዢው ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቢስክሌቱን ገልብጦ በኮርቻውና በመሪው ያቆመዋል፤ ከዚያ የፔዳሉ ፔርኖ የሚያልፍበትን ቤት በጨርቅ ይጠርጋል። ቁጥር አለ! ብረቱ ላይ ተመትቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጀማሪ ልብ እዚህ ላይ ይዘላል፤ ነባሩ ግን ፊቱን እንኳ አይፈታም። አሜሪካዊው ሽዊን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከ1965 ጀምሮ በቁጥሩ ፊት ካሉት ሁለት ፊደላት አንዱ ወሩን፣ ሌላው ዓመቱን ይናገራል። የእንግሊዝ ቢስክሌት ከሆነ ደግሞ የኋላ ጎማው መሀል ያለው የስተርሚ አርቸር ማርሽ ቤት ዓመቱን እንደ መታወቂያ ተሸክሞ ይዞራል። የፈረንሳዩ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ብቻ ነው። የትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአንዳንድ ዘመን ፍንጭ ይሰጣሉ እንጂ፣ መዝገቡ ከፋብሪካው ጋር አብሮ የጠፋ ብዙ ነው። በዚያ ላይ በየከተማው ያለው ባለ ሱቅ ስም የሌለው ፍሬም ከአምራች ገዝቶ የራሱን ምልክት ይለጥፍበት ነበር። ስሙ የአንዱ፣ ብረቱ የሌላው፣ ቁጥሩ የማንም ያልሆነ ቢስክሌት ያን ጊዜ ብርቅ አልነበረም።

ታዲያ ዕድሜው በምን ይታወቃል? ቢስክሌት ራሱ አይናገርም፤ የሚናገሩት የተንጠለጠሉበት ጥቃቅን ዕቃዎች ናቸው። እያንዳንዱ ለብቻው የሚመረመር ምስክር ነው፤ አንዳንዱም በሐሰት ይመሰክራል።

በመጀመሪያ የሚጠራው ቦሎ ነው። አዎ፣ ፈረንሳዮች ለቢስክሌትም ቦሎ ያስከፍሉ ነበር። በ1893 የወጣ ሕግ ቢስክሌትን ግብር ከፋይ አደረገው፤ ከ1900 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የከፈለ ሰው በመሪው አንገት ላይ የሚያስራት ዓመት የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሳህን ተሰጠችው። ግብሩ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ነፍስ ነበረው። 1926 የሚል ቦሎ ያለበት ቢስክሌት ያገኘ ሰው ደስታው ልክ የለውም። ነገር ግን ቦሎው የሚለው በዚያ ዓመት አንድ ሰው መክፈሉን እንጂ ቢስክሌቱ በዚያ ዓመት መወለዱን አይደለም። ዛሬ ደግሞ ሳህኗ ለብቻዋ ትሸጣለች፤ ዕቃው ሁሉ ከ1960 ወዲህ የሆነ ቢስክሌት አንገቱ ላይ የ1926 ቦሎ አስሮ መገኘቱ ማንንም አያስደንቅም። ከቦሎው ይልቅ የባለቤቱ ስምና ከተማ የተቀረጸባት ሌላዋ ሳህን ትታመናለች። ይህቺም በሕግ ግዴታ ነበረች፤ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ሰው ስም ገዝቶ መሪው ላይ ለማሰር ብዙም አይቸኩልም።

ቀጥሎ ፍሬን ነው። በአሮጌ የፈረንሳይ ቢስክሌት ላይ ማፋክ የሚል ጽሑፍ ካልታየ ወይ ፍሬኑ ተቀይሯል ወይ ተመልካቹ መነጽሩን ረስቷል። ማፋክ የሚሸለን አገር በሆነችው በክለርሞ ፌራን ይሠራ ነበር። ሬሰር የተባለው፣ ሁለቱ ክንዶቹ መሀል ላይ በአንዲት ሽቦ የሚሳቡት ፍሬኑ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወጣና የአገሩን ቢስክሌት ሁሉ ወረሰ። ያቆማል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሲያቆም ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አንድ ቢስክሌት ማፋክ ሬሰር ከፋብሪካው ተገጥሞለት ከመጣ፣ "ከጦርነቱ በፊት" የሚለው ጨዋታ እዚሁ ላይ ያበቃል፤ ሻጩ ሌላ ጦርነት ካላሰበ በቀር።

ማርሽ መቀየሪያው ሦስተኛው ነው። ሲምፕሌክስ የዲጆኑ ሉሲየን ዡይ ፋብሪካ ነው፤ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማርሽ መቀየሪያ ይሠራ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ዴልሪን የሚባል ፕላስቲክ ወደደና ከብረት ይሠራ የነበረውን አብዛኛውን በፕላስቲክ ተካው። ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ዘመናዊ ነው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ይሰነጠቃል። ለዕድሜ መርማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ወዳጅ የለም፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ብቅ ካለ ከስድሳዎቹ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። የፔዳሉ ክንድ ከፔርኖው ጋር የተያያዘው በብረት ሽብልቅ ነው ወይስ በብሎን? ይህም ይጠየቃል። ሽብልቁን ያስቀረውን የመጀመሪያውን የአልሙኒየም ክንድ ስትሮንግላይት በ1933 አውጥቷል፤ ሆኖም ርካሹ ቢስክሌት ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ሽብልቁን አልለቀቀም። ስለዚህ ሽብልቅ አይቶ "ጥንታዊ ነው" ማለት ያስቃል። ሽብልቅ የሚናገረው ስለ ዘመን ሳይሆን ስለ ኪስ ነው።

ከሁሉ የሚጥመው የሞዞው ምርመራ ነው። ሽቦዎቹ የሚሰበሰቡበት የጎማው መሀል በሠላሳ ዓመት ቅባትና አቧራ ተለብጦ ጥቁር ሆኗል። ገዢው ጨርቁን ነጭ ጋዝ ነክሮ በሽቦዎቹ መካከል በሁለት ጣቱ ያስገባና ሞዞውን ቀስ አድርጎ ያሻል። መጀመሪያ ጥቁር ይወጣል፤ ቀጥሎ ቡናማ፤ ከዚያ አልሙኒየሙ ያበራል። ማያር ከሚባለው አምራች የወጣ፣ ኖርማንዲ የሚል ስም ያለበት ሞዞ ከሆነ፣ እዚያ ላይ እንደ ጉንዳን የደቀቁ አኀዞች ተመትተው ሊገኙ ይችላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። 72 የሚል ይነበባል። በዚህች ቅጽበት አያትየው በአንድ ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያንሳሉ። ሻጩም "ጎማው ተቀይሮ ይሆናል" ይላል።

ሊሆን ይችላል! የዚህ ሥራ ጣጣው ይሄ ነው። ቢስክሌት የሚነዳ ዕቃ ነው፤ የሚነዳ ዕቃ ያልቃል፤ ያለቀ ደግሞ ይቀየራል። አንዱ ምስክር ብቻውን አያስፈርድም፤ የፊትና የኋላ ሞዞ፣ ፍሬንና ማርሽ ተስማምተው አንድ ዓመት አካባቢ ከቆሙ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ተቀየሩ ማለት ያስቸግራል። በብሎን የታሰረው ሁሉ ሲያጠራጥር ወደ ተበየደው ይኬዳል። እስከ ሰባዎቹ አጋማሽ ድረስ ተራው ቢስክሌት የውሃ መያዣውንም የሽቦ ማለፊያውንም በቀለበት ነበር የሚያስረው፤ በኋላ ግን እነዚህን ማሰሪያዎች ፍሬሙ ላይ መበየድ ተለመደ። ብየዳ አይቀየርም። እዚህ ላይ ከተራው የሚለዩት በፓሪስ ዳርቻ በለቫሏ ፔሬ ይሠሩ የነበሩት እነ ረኔ ኤርስና አሌክስ ሳንጄ ናቸው። በትእዛዝ በሚሠሯቸው የረጅም ጉዞ ቢስክሌቶች ላይ መብራቱን፣ መከላከያውንና የዕቃ መጫኛውን ከፍሬሙ ጋር አብረው ስለሚያቅዱ፣ የሌሎች ሰዎች ሰማንያዎቹ ለእነሱ አርባዎቹ ነበሩ። እንዲህ ያለውን ያገኘ ሰው ግን ስለ ዕድሜው አይጨነቅም፤ ሻጩ ሳያውቅ ከፍሎ መሄዱ ነው ጭንቀቱ።

አሁን ስለ ፈረንሳዮቹ ሚሊሜትር መናገር ግድ ነው፤ ብዙ ባለ ጋራዥ ፀጉሩን የነጨው በዚህ ነውና። አብዮተኞቹ ፈረንሳዮች በ1795 ሜትርን በሕግ አጸኑ፤ ቀስ በቀስ ዓለም ተቀበላቸው። ቢስክሌት ሲመጣ ግን ዓለም ዞር ብሎ የእንግሊዝን ኢንች ተከተለ። ፈረንሳዩ ብቻ ክብ ቁጥሩን ይዞ ቀረ። የእንግሊዙ ብቻ ሳይሆን የጣልያኑና የጃፓኑም ፍሬም ኮርቻው የሚቆምበት ቱቦ ውፍረቱ 28.6 ሚሊሜትር ነው፤ የፈረንሳዩ 28 ድፍን። የመሪው አንገት ለሌላው 22.2፣ ለእሱ 22። በሕጉ የሄደው እሱ ነው፤ መለዋወጫ ያጣውም እሱ ነው። ለሁለት ዐሥረኛ ሚሊሜትር ሲባል ስንቱ ባለቤት ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አዲሱን የመሪ አንገት በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ያመሻል።

የፔዳሉ ፔርኖ ቤት የባሰ ነው። እንግሊዞች የቀኙን ክዳን ጥርስ ወደ ግራ እንዲጠብቅ አድርገው ያወጡታል፤ ሰው ፔዳሉን ሲመታ ክዳኑ እንዳይላላ። ፈረንሳዮች ሁለቱንም ወደ ቀኝ አደረጉት፤ ስለዚህ የቀኙ በራሱ ጊዜ መላላት ይወዳል። ስዊሶች ደግሞ የፈረንሳይን ልክ፣ 35 ሚሊሜትሩን፣ ወስደው ቀኙን እንደ እንግሊዙ ገለበጡት። ስለዚህ መፍቻው ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ከመንጠልጠሉ በፊት ቢስክሌቱ የየትኛው አገር እምነት ተከታይ እንደሆነ ያላጣራ ሰው፣ የሚፈታ እየመሰለው ሲያጠብቅ ይውላል። ይህ ሁሉ መከራ ግን ለዕድሜ ምርመራ በረከት ነው። ሞቶቤካን በሰባዎቹ መጨረሻ ወደ ስዊሱ ጥርስ ዞሯል፤ በሰማንያዎቹ ደግሞ ፈረንሳዮቹ በአብዛኛው እጃቸውን ሰጥተው ወደ እንግሊዙ ገቡ። ካሊፐር ይዞ የወጣ ሰው ሻጩን ምንም ሳይጠይቅ አሥር ዓመቱን ከአሥር ዓመት ይለያል። ሞቶቤካን ራሱ በ1923 ተመሥርቶ፣ ከስሮ፣ ያማሃ እጅ ገብቶ በ1984 ኤምቢኬ ሆኗል፤ ኤምቢኬ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቢስክሌት ከጦርነት በፊት ነው የሚል ሻጭ እስካሁን አልተወለደም ማለት ግን ድፍረት ነው።

ነጭ ፔጆስ? እሱ የራሱ ወንበር ይገባዋል። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ታክሲ ሆኖ የኖረውን ፔጆ 404 የሚያውቅ አንባቢ አንበሳውን አይስተውም። አንበሳው ግን ከመኪናውም ከቢስክሌቱም ይቀድማል፤ በ1858 የተመዘገበው ቤተሰቡ ለሚሠራው መጋዝ ነበር። ከዚያም በፊት በ1840 የቡና መፍጫ ሠርተዋል። የመጀመሪያው ቢስክሌታቸው፣ የፊት ጎማው ግዙፍ የኋላው ኩርማን የሆነው፣ በ1882 ወጣ። ሰዎች ዛሬ የሚፈልጉት ግን ፒኤክስ 10 የተባለውን የውድድር ቢስክሌት ነው። ነጭ ቀለም፣ ጥቁርና ነጭ የዳማ መስመር። የዳማው ማሊያ ከ1963 ጀምሮ የፔጆ ቡድን መለያ ሆነ፤ ወጣቱ ኤዲ መርክስ በ1966 እና በ1967 ለብሶታል፤ በርናር ቴቨኔ ደግሞ በ1975 ያንኑ መርክስን በፔጆ አሸንፎ ቱሩን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ፔጆ የሚሸጥ ሁሉ የሚሸጠው የመርክስን ቢስክሌት ነው።

አብዛኛው ግን ታናሽ ወንድሙ ዩኦ 8 ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ማንሳት ይበቃል፤ ፒኤክስ 10 ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል፣ ዩኦ 8 ከ13 ኪሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ቱቦው ላይ ሬይኖልድስ 531 የሚል ምልክት አለው። ሬይኖልድስ ደግሞ የእንግሊዙ የበርሚንግሃም ፋብሪካ ነው፤ ለፈረንሳዮች ሲል ቱቦውን በሚሊሜትር ይስብላቸው ነበር። የፈረንሳይ ኩራት የእንግሊዝ ማኅተም ለብሶ ይሄዳል ማለት ነው፤ ይህን ፈረንሳይ ገበያ ውስጥ ጮክ ብሎ መናገር አይመከርም። ዩኦ 8 በብዛት የሚገኘው አሜሪካ ነው። በሰባዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች ድንገት የቢስክሌት ፍቅር ያዛቸውና በ1973 ብቻ 15 ሚሊዮን ያህል ገዙ፤ የአገራቸው ፋብሪካ አልበቃ ሲል ከፈረንሳይ አስጫኑ። ፍቅሩ አለፈ፤ ቢስክሌቱ ጋራዥ ገባ። ስለ ምልክቱ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተለጣፊው ዛሬ አዲስ ታትሞ ይሸጣል። ሃምሳ ዓመት የሞላው ቢስክሌት ላይ ጭረት የሌለበት 531 ካበራ፣ ኪሎውን መመዘን ይሻላል።

ምስክር የማያስፈልገው ቢስክሌትም አለ። በሴንት ኤቲየን የነበረው ማኑፍራንስ ጠመንጃና ቢስክሌት በአንድ ካታሎግ ይሸጥ ነበር፤ ገበሬው ድርብ አፍ ጠመንጃ ሲያዝ ገጹን ገልጦ ኢሮንዴል የተባለውን ቢስክሌትም ያዝዛል። ከኢሮንዴሎቹ አንዱ ሬትሮ ዲሬክት ይባላል፤ ሁለት ማርሽ አለው። ሜዳ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ፊት ይነዱታል። ዳገት ሲመጣ ግን ፔዳሉን ወደ ኋላ መምታት ነው፤ ቢስክሌቱ በከባዱ ማርሽ ፈንታ በቀላሉ ወደ ፊት ይወጣል። ሰንሰለቱ ተጠማዝዞ ሁለት የኋላ ጥርሶችን ስለሚያዞር ዘዴው ከሩቅ ይለያል፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት የወጣ ነው። ቀልድ ይመስላል እንጂ ይሠራል። ዛሬ ሬትሮ ዲሬክት ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰብሳቢ ሲያልፍ፣ እግሩ ወደ ኋላ ጎማው ወደ ፊት ሲሄድ ያየ እግረኛ ቆሞ ዓይኑን ያሻል።

በዚያው ዘመን የቱሩ አባት አንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀየሪያን ለሽማግሌና ለደካማ የሚሆን ነገር አድርጎ ያየው ነበር። የእሱ ተወዳዳሪዎች ተራራ ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ የኋላ ጎማውን ነቅለው፣ አዙረው በሌላኛው ጎን ባለው ጥርስ ይገጥሙት ነበር። ማርሽ መቀየሪያ በቱሩ የተፈቀደው በ1937 ነው፤ ያን ዓመት ያሸነፈው ሮዤ ላፔቢ ነበር። ስለዚህ የአያቱን የቱር ቢስክሌት የሚሸጥ ሰው "ከጦርነቱ በፊት" እያለ አምስት ማርሽ ያለው ዕቃ ካቀረበ፣ አያትየው ሕጋዊ ሆነው ሊወዳደሩበት የሚችሉት ከ1937 እስከ 1939 ባሉት ሦስት ቱሮች ብቻ ነው። ስማቸውን ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር መፈለግ አይከብድም፤ ሻጩ ግን ያን ጊዜ አያቱ በእናቱ በኩል መሆናቸው ትዝ ይለዋል።

ዕድሜው ታወቀ እንበል፤ 1952 ገደማ፣ የሽርሽር ቢስክሌት፣ ማፋክ ፍሬን፣ ፍሬሙ ያልተነካ። ገዢው ቤት ሲገባ ግን ሚስቱ ስለ ዓመቱ አትጠይቅም። "ይነዳል?" ነው የምትለው። አይነዳም፤ ጎማው ፈርሷል። ልኩ ፈረንሳዮች 650 ቤ የሚሉት ነው፤ በአንድ ወቅት አገሩን የሞላ፣ ኋላ ከሱቅ መደርደሪያ ሊጠፋ የደረሰ ልክ። እዚህ ላይ የልጁ አዲስ የተራራ ቢስክሌት ነገር ይመጣል። የተራራ ቢስክሌት ሠሪዎች 27.5 ብለው እንደ አዲስ ያወጡት ጎማ፣ ቸርኬው ላይ በሚቀመጥበት ክብ ሲለካ 584 ሚሊሜትር ነው፤ የ650 ቤም እንደዚያው። አባትየው የልጁን ጎማ ፈትቶ ይገጥማል፤ ቸርኬው ላይ ልክክ ይላል። ሲያነሳው ግን ጎማው ወፍሮ በፍሬሙ መካከል አያልፍም። በዚህ ልክ ቀጭኑን የሚሠሩ ዛሬም አሉ። የሁለቱ ጎማ ዋጋ ብዙ ጊዜ እሑድ ገበያ ላይ ለቢስክሌቱ ከተከፈለው ይበልጣል፤ ይህን ለሚስቱ የሚነግራት ጎማው በፖስታ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ልጁ ደግሞ እስከዚያ የራሱን ጎማ መልስልኝ እያለ ይጠይቃል።